በምሥራቅ ጀርመን ያደጉት የናሚቢያ ልጆች

ዛሬ አንድ ጥያቄ እናስቀድም። የአራት ዓመት ልጅዎን ይዘው በጦርነት መካከል በሚገኝ የስደተኞች ሠፈር ውስጥ ነዎት እንበል። ከጥቂት ወራት በፊት ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ የጎረቤትዎን ልጆች ፈጅቷል። አሁን ደግሞ የነፃነት ድርጅቱ ሰዎች መጥተው፣ «ልጅዎን ወደ ሩቅ አገር እንውሰድልዎ፤ እዚያ ጠግቦ ይበላል፣ ይማራል፣ ነፃነት ሲመጣ ይመለሳል» ይሉዎታል። «ነፃነቱ የሚመጣው መቼ ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስልዎ የለም። ምን ያደርጋሉ?

ይህ ጥያቄ በ1970ዎቹ በአንጎላና በዛምቢያ ሠፈሮች ውስጥ ለነበሩ የናሚቢያ እናቶች በእውነት ቀርቦላቸው ነበር። ከ400 የሚበልጡ ልጆች በዚህ መንገድ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተሻግረው እዚያው አደጉ።

ናሚቢያ ከ1876 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከ1896 እስከ 1900 ዓ.ም. ጀርመኖች የሄሬሮንና የናማን ሕዝብ ጨፍጭፈው ሊያጠፉት ጥቂት ነበር የቀራቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1907 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ነጥቃ ያዘቻት፤ ከያዘችም በኋላ አልለቅም አለች። በነገራችን ላይ አገራችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰዋት ነበር። ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመት ያህል ካከራከረ በኋላ፣ «እናንተ በዚህ ጉዳይ ለመክሰስ መብት የላችሁም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በዚያው ዓመት፣ በ1958 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ስዋፖ የተባለው የነፃነት ድርጅት የትጥቅ ትግሉን ጀመረ። ኅዳር 1 ቀን 1968 ዓ.ም. ጎረቤቲቱ አንጎላ ከፖርቱጋል አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ደግሞ ድንበሩ ተከፈተና ብዙ ሺህ ናሚቢያውያን ልጆቻቸውን አዝለው ወደዚያ ተሻገሩ።

ሚያዝያ 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በማለዳ የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ከድንበሩ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ በምትገኘው በካሲንጋ ላይ ቦምብ አዘነቡ፤ ወዲያው ፓራሹተኞች ወረዱ። ፕሪቶሪያ «የመታነው የጦር ሠፈር ነው» አለች። በቦታው የታጠቁ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሞቱት 600 ያህል ሰዎች ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ በኋላ የስዋፖ መሪዎች ሕፃናቱን የሚያስጠልል ወዳጅ አገር ይፈልጉ ጀመር። ኩባ ተቀበለች፤ ምሥራቅ ጀርመንም ተቀበለች።

ምሥራቅ ጀርመን ለምን ተቀበለች? ከምዕራብ ጀርመን ጋር በየአህጉሩ ለዕውቅናና ለወዳጅ የምትሽቀዳደም አገር ስለነበረች፣ ፖለቲካው ነገሩ ውስጥ እንዳለበት አይካድም። ይሁን እንጂ ልጆቹን ያጠቡት፣ ያለበሱት፣ ሲያማቸው አጠገባቸው ያደሩት ሴቶች ስለ ፖለቲካው ብዙ የሚያስቡ አልነበሩም። ይህንንም መመስከር ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ 80 ያህል ልጆች በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. በሰሜን ጀርመን ቤሊን ከምትባል የገጠር መንደር ደረሱ። ማረፊያቸው ቀድሞ የአደን ቤት የነበረ ትልቅ ሕንፃ ነበር። ከአንጎላ ሙቀት በቀጥታ ወደ አውሮፓ ክረምት! አብረዋቸው የመጡ የናሚቢያ ሞግዚቶችና የአገሩ ጀርመናውያን አስተማሪዎች በአንድነት ያሳድጓቸው ጀመር። አልጋ ማንጠፍን፣ በሹካና በቢላዋ መብላትን፣ በሰልፍ መሄድን ተማሩ። ነገ ነፃይቱን ናሚቢያ የሚመሩ ሰዎች ይሆናሉ ተብሎ ስለታሰበ በአንገታቸው ላይ የአቅኚዎች ሻሽ ታሰረ፤ የትግል መዝሙር አጠኑ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከፍ ከፍ ያሉት ሽታስፉርት ወደተባለች ከተማ ተዛወሩ። በዚያ በነበረው «የወዳጅነት ትምህርት ቤት» 900 ያህል የሞዛምቢክ ልጆችም ይማሩ ነበር። ናሚቢያውያኑ የእናት ቋንቋቸውን በዘፈንና በጭፈራ ሲያስታውሱት፣ የሚያስቡትና የሚያልሙት ግን በጀርመንኛ ሆነ። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን አይስተውም፤ የአምስት ዓመት ልጅ አዲስ ቋንቋ ለመያዝ ጥቂት ወራት ይበቁታል፣ የቀድሞውን ለመርሳትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ሰዎች ድርድር እንመለስ፤ እናቶች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለና። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ናሚቢያ በነፃ ምርጫ ነፃነቷን እንድታገኝ የሚያዝዘውን ውሳኔ ቁጥር 435 ያጸደቀው መስከረም 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ከልጆቹ አንዱም ወደ ቤሊን አልሄደም። ውሳኔው ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ግን መጋቢት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አሥር ዓመት ከመንፈቅ አለፈ! ለምን ቢሉ፣ አንጎላ ውስጥ የኩባ ጦር ነበረ። የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት «ኩባ ካልወጣች ናሚቢያ ነፃ አትወጣም» በሚለው አቋሙ ጸና፤ ደቡብ አፍሪካም ሰበብ ስላገኘች ደስ አላት። ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ መሣሪያውን ትልክ ነበር። ከኩይቶ ኩዋናቫሌ ጦርነት በኋላ ሁሉም ደከመውና አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ ታኅሣሥ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ስምምነቱን ፈረሙ። ለዲፕሎማቱ አሥር ዓመት ማለት ጠረጴዛ ላይ የቆየ መዝገብ ነው። የአራት ዓመት ልጇን ለሸኘች እናት ግን የልጁ ወተት ጥርስ የወለቀበት፣ ማንበብ የቻለበት፣ ድምፁ የጎረነነበት ዘመን በሙሉ እርሷ ሳታየው አለፈ ማለት ነው።

ናሚቢያውያን ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 2 ቀን 1982 ዓ.ም. በረጅም ሰልፍ ቆመው ድምፅ ሰጡ። በዚያው ምርጫ መካከል፣ ጥቅምት 30 ቀን ማታ፣ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ልጆቹ የሚጠብቃቸው አገርና ያሳደጋቸው አገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ተለወጡ። መጋቢት 12 ቀን ናሚቢያ ነፃነቷን አወጀች። ስትፈርስ የነበረችው ምሥራቅ ጀርመን ከእንግዲህ ልጆቹን የምታኖርበት አቅም አልነበራትም፤ ስለዚህ በነሐሴ ወር መጨረሻ፣ የትምህርት ዘመናቸው እንኳ በወጉ ሳይደላደል፣ ሻንጣቸውን ይዘው በአውሮፕላን ወደ ዊንድሁክ ተጫኑ። መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ያሳደገቻቸው አገር ከካርታ ላይ ጠፋች።

በዊንድሁክ ዘመዶች መጥተው ስም እየጠሩ ወሰዷቸው። ጠሪ ያጡም ነበሩ። ወደ ሰሜን የሄዱት መብራት በሌለበት መንደር ውኃ መቅዳት፣ ማሃንጉ የሚሉትን እህል በሙቀጫ መውቀጥ ጠበቃቸው፤ እናት ትናገራለች፣ ልጅ አይሰማም። ሌሎች ደግሞ ጀርመንኛ ስለሚችሉ ብቻ በአገሩ በሚኖሩ ነጮች ጀርመኖች ቤት ተጠግተው ተማሩ። የቅኝ ገዥዎች የልጅ ልጆች የነፃነት ታጋዮችን ልጆች አሳደጉ ማለት ነው። ከነዚህ ልጆች አንዷ የሆነችው ሉሲያ ኢንጎምቤ «ልጅ ቁጥር 95» የሚል መጽሐፍ በጀርመንኛ ጽፋለች፤ ቁጥሩ የርሷ ነበር።

እኛ አንባቢዎች ይህን እንደ ሰው ታሪክ ብቻ አንቁጠረው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሱማሌ ወረራ ጊዜ አባቶቻቸውን ያጡ የኢትዮጵያ ልጆችም ወደ ኩባ ተሻግረው፣ የናሚቢያ ልጆች በሚማሩባት በዚያችው በወጣቶች ደሴት ስፓኒሽ እየተናገሩ አድገዋል። በየሠፈራችሁ ወይም በየዘመዳችሁ መካከል ከነርሱ አንዱን የምታውቁ አትጠፉም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ልጆቹን የሸኙትን እናቶች አትወቅስም። ከካሲንጋ በኋላ ልጅን ማሸሽ ትክክል ነበር፤ ልጆቹም በሕይወት ኖሩ፣ ተማሩ። የሚያስቆጨው ሌላ ነው። መሄጃው በጥንቃቄ ሲሰናዳ፣ መመለሻውን ያሰናዳ ሰው አልነበረም። ነፃነት ቢመጣ ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገራል ብሎ በሁለቱም ወገን የጠየቀ ጠፋ።

ልጆቹ ዛሬ በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አባወራዎችና እመቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ጀርመንኛቸውን ለቱሪስት ሥራ ያውሉታል። እርስ በርሳቸው ሲገናኙ «ኦሺዶይች» በሚሉት፣ ኦሺዋምቦንና ጀርመንኛን በቀላቀለ ንግግር ይጫወታሉ። አጠገባቸው የተቀመጠች እናት የምትሰማው ግማሹን ነው።