ኖሮቫይረስን በሰው አንጀት ሕዋሳት የማራባት ዘዴ

ኖሮቫይረስ ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ ከሚያስከትሉ ተሕዋስያን መካከል በዓለም ላይ ቀዳሚው ሲሆን፣ በየዓመቱ 200 ሺህ ገደማ ሰዎችን ለሞት እንደሚዳርግ፣ ከእነዚህም 50 ሺህ ያህሉ ሕፃናት እንደሆኑ ይገመታል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኖርዎክ ከተማ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተነሣው ወረርሽኝ ነው። ከዚያ ወረርሽኝ በተገኘ ናሙና ውስጥ አልበርት ካፒኪያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለይተው አሳዩ፤ ሆኖም መልኩ ከታወቀ በኋላ ከአርባ ዓመታት በላይ በቤተ ሙከራ አስተማማኝ በሆነ መንገድ ሊያራባው የቻለ አልነበረም።

ማንኛውም ቫይረስ የሚራባው በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። ተመራማሪዎች የሞከሯቸው ከካንሰር ዕጢ የተገኙና ያለ ገደብ የሚባዙ ሕዋሳት ግን የጤናማውን አንጀት ስብጥር ስለማያሟሉ ኖሮቫይረስን አላስተናገዱም፤ በዚህም ምክንያት ጥናቱ ለረጅም ጊዜ በአይጥና በድመት ተዛማጅ ቫይረሶች ላይ ተመሥርቶ ቆየ።

መንገዱን የከፈተው የግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ራሱን እያደሰ ሌሎች የሕዋስ ዓይነቶችን የሚያስገኘው ሕዋስ፣ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድ የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን ከአይጥ አንጀት የተወሰደ አንድ ግንደ ሕዋስ በጄል ውስጥ ሆኖ ተስማሚ የዕድገት ንጥረ ነገሮች ሲያገኝ አንጀት መሰል ቅርጽ እንደሚሠራ አሳየ፤ ዘዴውም ብዙም ሳይቆይ ለሰው አንጀት ዋለ። ኢንተሮይድ የሚባለው ይህ ቅርጽ ምግብ የሚመጥጡትን፣ ንፍጥ የሚያመነጩትንና ሆርሞን የሚያወጡትን ሕዋሳት አንድ ላይ ይይዛል።

በአሜሪካ ሂዩስተን በሚገኘው ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የሜሪ ኤስቴስ ቡድን ኢንተሮይዶቹን በታትኖ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በስሱ ካነጠፈና የዕድገት ንጥረ ነገሮቹን ቀንሶ ሕዋሳቱ እንዲበስሉ ካደረገ በኋላ፣ ከታማሚ ዓይነ ምድር ተጣርቶ የተገኘውን ቫይረስ ጨመረባቸው፤ ቫይረሱም ምግብ በሚመጥጡት ሕዋሳት ውስጥ መራባቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አስታወቀ። አንዳንዶቹ የቫይረሱ ዝርያዎች ሐሞት ካልተጨመረ በስተቀር አልተራቡም። በዘረ መላቸው ምክንያት አንድን የስኳር ዓይነት በአንጀታቸው ገጽ ላይ የማያወጡ ሰዎች ብዙዎቹን ዝርያዎች ይቋቋማሉ፤ ከእነርሱ የተወሰዱ ሕዋሳትም በሰሌዳው ላይ ያንኑ ተቋቋሚነት አሳዩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቫይረሱ የሚጠናው መኖሪያው እንደ ዝርያው ከነሐሞቱና ከነስኳሩ ሲሟላለት መሆኑ ነው።

ቀደም ሲል የነበረው የፒ.ሲ.አር. ምርመራ የቫይረሱን ዘረ መል ከማግኘት አልፎ ቫይረሱ ሊበክል የሚችል መሆን አለመሆኑን አይለይም ነበር፤ አሁን ግን ይህ በኢንተሮይድ ሕዋሳት ላይ በቀጥታ ይፈተናል። በዚሁ ዘዴ አልኮል ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ እንደማያጠፋ፣ ክሎሪን ግን በበቂ መጠን ሲሆን እንደሚያጠፋው ስለተረጋገጠ፣ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብን በአልኮል ማሸት ሊተካው አይገባም። የሙከራ ክትባት የሚያስገኘው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን መግታቱም በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ ይለካል።

ዘዴው ውድ ነው፤ ሁሉንም ዝርያዎች እኩል አያራባም፤ ቫይረሱም በዋናነት የሚገኘው ከታማሚዎች ናሙና ነው። በኖሮቫይረስ የሚሞቱት ሕፃናት በብዛት የሚገኙት በድሃ አገሮች በመሆኑ፣ ወደፊት የሚሠራው ክትባት በእነዚህ አገሮች በሚዘዋወሩት ዝርያዎች ላይ ጭምር ሊፈተን ይገባል፤ ለዚህም ናሙናውም ቤተ ሙከራውም በእነርሱ ዘንድ ሊኖር ይገባል።