ባንዲራ ሲለወጥ ቤተ መጻሕፍቱ የማን ነው?

በመንዝ ካለችው ከሞላሌ ሆኖ ሲያዩት የኤምባሲ ነገር የአዲስ አበባ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም የውጭ አገር የባህል ተቋም ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ጋር ይዳበል ወይስ ለብቻው ይቁም የሚለው የቆየ ጥያቄ በመጨረሻ የሚነካው ዲፕሎማቱን ሳይሆን ከመንዝ ደጋ ለትምህርት ወርዶ መጽሐፍ የሚፈልገውን ወጣት ነው።

በ1953 ዓ.ም. የተፈረመው የቪየና ስምምነት የኤምባሲን ግቢ የማይደፈር ያደርገዋል፤ የባህል ግንኙነትን ማዳበርንም ከኤምባሲ ሥራዎች ይቆጥራል። ስለዚህ ኤምባሲን የተጠጋ ቤተ መጻሕፍት ከለላ ያገኛል። ግንኙነቱ ሲሻክር ግን ያው ጥግ መዘዝ ይሆናል።

አስመራ ለዚህ ምስክር ናት። የአሜሪካ ቆንስላ እዚያ የተከፈተው በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ነበር። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀልም ሆነ በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ሥራውን ቀጠለ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ግን ደርግ ቆንስላውን፣ የአሜሪካ የጦር መገናኛ የነበረውን የቃኘው ጣቢያን፣ የወታደራዊ አማካሪዎቹን ቡድን፣ የባሕር ኃይሉን የሕክምና ምርምር ጣቢያና የማስታወቂያ አገልግሎቱን (ዩሲስን) ከነቤተ መጻሕፍቱ ባንድነት ዘጋ። መጽሐፍና የጦር መገናኛ በአንድ ትእዛዝ ተዘጉ። አንባቢው ከወታደራዊ አማካሪው ጋር ተደምሮ የተቀጣበት ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ቆንስላው በ1984 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ ኤርትራ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ወደ ኤምባሲነት አደገ።

በአንጻሩ እንግሊዞች ሆንግ ኮንግን ሰኔ 24 ቀን 1989 ዓ.ም. ለቻይና ከማስረከባቸው በፊት ለቆንስላቸውና ለባህል ተቋማቸው ለብሪቲሽ ካውንስል ጎን ለጎን ሁለት ሕንፃ አሠሩ። ጎረቤት ናቸው፤ ቤታቸው ግን ለየቅል ነው። ቀድሞ ማሰብ እንዲህ ነው።

እኔ የምመርጠው ግን የበለጠ መራቅን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው የፈረንሳይ የባህል ተቋም አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ የፈረንሳይ ኤምባሲ ያለው ከከተማው እምብርት ወጣ ብሎ፣ ሰፈሩ ዛሬም ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባልበት ነው። ንጉሡም ደርጉም አልፈው አሊያንስ እስካሁን ያስተምራል።

የባህል ስምምነት የምትፈርሙ ባለሥልጣናት ሆይ፣ ማዕከሉ ቢዘጋ መጻሕፍቱ ለአገሩ ቤተ መጻሕፍት እንዲተላለፉ የሚያዝ አንቀጽ አስገቡ፤ በሞላሌም ላሉ አንባቢዎች ድርሻ ይኑራቸው።