አልመጣም ወይስ አልሞተም?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ያለችው የግልገል በለስ ከተማ ብዙ ጊዜ በሙሉ ስሟ አትጻፍም። በደብዳቤ አናት፣ በደረሰኝ፣ በትምህርት ማስረጃ ላይ «ግ/በለስ» ናት። «ግ» ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የመተከል ሰው የለም። ወጣቱ በስልክ የሚጽፈውን አጫጭር ቃል እያዩ «ቋንቋው ጠፋ» የሚሉ አባቶችና እናቶች ከዚህች እዝባር ቢጀምሩ እወዳለሁ። ቃል ማሳጠር ከስልክ በፊትም ነበረ። ልጅና ወላጅን ያራራቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለይቶ ያወቀ መፍትሔውንም አያጣውም።

ለመሆኑ ትልልቆቹ ስንቱን አሳጥረው ይጽፋሉ? ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ጠ/ሚኒስትር፣ ኮ/ል፣ ሻ/ቃ። «ወ/ሚካኤል» ላይ ያለችው «ወ» ወልደ ናት፤ «ወ/ሮ» ላይ ስትመጣ ወይዘሮ ትሆናለች፤ «ወ/ሪት» ላይ ደግሞ ወይዘሪት። «ገ/ማርያም»ን አስተካክሎ ለማንበብ ፊደል መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ የስም አወጣጡንም ማወቅ ያሻል። ክርስቲያኑ «እግ/ር ይመስገን» ብሎ ይጽፋል፤ ሙስሊሙ ከነቢዩ ስም ቀጥሎ «ሰ.ዐ.ወ» ያኖራል። በብራና ዘመንም ጸሐፊዎች 135ኛውን መዝሙረ ዳዊት ሲገለብጡ በየስንኙ የሚመላለሰውን ሐረግ በጥቂት ፊደል ጠቁመው ያልፉ ነበር። ብራናው ውድ ነው፣ አንባቢውም ሐረጉን በቃሉ ያውቀዋል።

በ1960ዎቹ ወጣት የነበሩትማ በምሕጻረ ቃል የኖሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ኢሕአፓና መኢሶን፣ በኋላም አኢወማ፣ አኢሴማ፣ ኢሠፓ፤ ሁሉም የፓርቲና የማኅበር ስሞች ናቸው። ዛሬ የልጅ ልጁን ስልክ አይቶ ግራ የሚጋባው ሰው ያኔ የገዛ አባቱን በእነዚህ ስሞች ግራ አጋብቶ ነበር።

እንግዲያው ልዩነቱ የት ላይ ነው? ከመሣሪያው እንነሳ፤ መሣሪያ ጽሕፈትን ወደ ራሱ መጎተቱ አዲስ አይደለምና። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደላችን ለጥቂት ቁልፎች አልተመቸም። ስለዚህ ፊደሉ እየተቀጣጠለ እንዲወጣ አደረጉ። የስልክ አጭር መልእክት ግን ይህን ያህል እንኳ አልታሰበለትም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ሲነደፍ ልኩ የተወሰደው ከላቲን ፊደል ነው፤ አንድ መልእክት 160 የላቲን ፊደል ይይዛል። በመካከሉ አንዲት የግእዝ ፊደል ከገባች ግን ስልኩ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን ወደሚይዘው ዩኒኮድ ይዞርና ቦታው ወደ 70 ይወርዳል። ፊደላችን አናባቢውን በላዩ ተሸክሞ ስለሚጻፍ እጅግ ቆጣቢ ነው፤ «እንደምን አደርሽ» ከነክፍተቱ 10 ቦታ ሲይዝ በላቲን 14 ያህል ይፈልጋል። ሆኖም ይህ ቁጠባ በ70 እና በ160 መካከል ያለውን ክፍተት አይሞላም። በፊደል የጻፈ ሰው ወይ ሐሳቡን ይቆርጣል፣ ወይ የሁለት መልእክት ይከፍላል።

በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሞባይል አገልግሎት ሲጀመር በብዙዎቹ ስልኮች ላይ የአማርኛ ፊደል ጨርሶ አልነበረም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በዚያው በ1999 ነው፤ ከሰነዱ ወደ ሰው እጅ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ከ1997 ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የቆየው አጭር መልእክት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት ወጣቱ ባገኘው ቁልፍ፣ በላቲን፣ አማርኛውን መጻፍ ቀጠለ። ያስተማረው የለም፤ ሁሉም እንደመሰለው ጻፈ። ለዚህ ልጁን መውቀስ አይገባም። የተሰጠው ስልክ በራሱ ፊደል አያስጽፈውም ነበር።

አሁን ቀረብ ብለን እንየው። «ሰላም ነው» አናባቢው ሲወድቅ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ደብልዩ ብቻ ይቀራል። ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ሰላምታ ስለሆነ ከቦታው ይታወቃል። ችግሩ የሚታየው ከሰላምታው ሲያልፉ ነው። «ጠ» እና «ተ» ሁለቱም በቲ ይጻፋሉ፣ ስለዚህ «መጣ» እና «መታ» አንድ ሆኑ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ዓባይን ተሻግራ መተከል ላለችው እናቱ ለበዓል እንደማይመጣ ይጽፋል እንበል። «አልመጣም»ን አናባቢውን ጥሎ ኤ፣ ኤል፣ ኤም፣ ቲ፣ ኤም ብሎ ይልካል። እነዚሁ አምስት ፊደላት «አልመታም» ተብለው ይነበባሉ፤ «አልሞተም» ተብለውም ይነበባሉ። ጓደኛው ቢሆን ወሬውን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። እናት ግን ምን ይዛ ትለያለች? ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ በተበታተነበት በመተከል ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

የላቲን ፊደል በራሱ ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። በክልሉ ኦሮምኛን በቁቤ፣ በራሱ የላቲን አጻጻፍ፣ የተማሩ ልጆች አሉ፤ በቁቤ «ጠ» በኤክስ፣ «ጨ» በሲ፣ «ቀ» በኪው ስለሚጻፍ መጣና መታ አይምታቱም። ቁቤ ሰው የተስማማበት፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሥርዓት ነው። በስልክ ላይ ያለው የላቲን አማርኛ ግን ሕግ የለውም፤ ስለዚህ አዋቂው ቢፈልግ እንኳ የሚማርበት ቦታ የለም። «ወ/ሮ»ን ያልገባው ልጅ መምህሩን ይጠይቃል። አያቱ ግን ማንን ትጠይቅ?

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግእዝ ፊደል፣ ሚሊዮኖችን አስተማረ። በመላ አገሪቱ ጎልማሳው ከእርሻ፣ እናቶች ከጓዳ ወጥተው «ሀ ሁ» ያሉት በዚያ ጊዜ ነው። ከግልገል በለስ አጠገብ ባለችው ፓዊ በ1977 እና በ1978 ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ መጥተው የሰፈሩት የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው። በዘመቻው ፊደል የቆጠረች እናት «ደህና ነኝ» የሚለውን በፊደል ቢጻፍላት ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች ታነበዋለች። በላቲን ሲመጣባት ግን እንደገና ያልተማረች ትሆናለች። ስልኩን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ የልጇን ጉዳይ ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል።

በመተከል ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው አፉን የፈታው በራሱ ቋንቋ ነው። የወደቀ አናባቢን በግምት መመለስ የሚቀለው ቋንቋውን ከእናቱ ጋር ለተናገረ ሰው ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ወይም በገበያ የተማረ ጎልማሳ ሙሉው ቃል ፊቱ ካልተጻፈለት ይቸገራል።

ደግነቱ ያ 70 የሚሉት ልክ በቴሌግራም ላይ የለም፤ ፊደል ስለጻፉ የሚጨምር ሒሳብም የለም። አሁን ያለው ስማርት ስልክ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በላቲን ቁልፍ ሲነኩ ወደ ፊደል የሚለውጡም ስላሉ የለመደ እጅ ብዙ አይቸገርም። ጉግል ነሐሴ 2009 ዓ.ም. አማርኛን በድምፅ ከሚያጽፋቸው ቋንቋዎች ጨምሯል፤ ይህ ማንበብ ሳይሆን መጻፍ ለሚከብዳቸው ትልልቅ ሰዎች የተሻለ ነው። ማሳጠር የፈለገ በፊደል ያሳጥር፤ «እግ/ር ይመስገን» ለአያትም ለልጅ ልጅም እኩል ይነበባል። እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ እንደወደዱ ይጻፉ፣ የጓደኛ ጨዋታ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ትናንትም ነበረው።

ለበዓል ቤት የሚገባ ተማሪ ካለ የወላጁን ስልክ ይቀበልና እነዚህን ያስተካክል፦ የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ፣ የፊደሉን መጠን ማተለቅ፣ የአማርኛ ኪቦርድ መጫን፣ የድምፅ መልእክት መላኪያዋን ምልክት ማሳየት። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ አንድ መልእክት በፊደል ይላክላቸውና ራሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት ይጠብቅ። ሲያነቡ የተደናቀፉበትን ቃል ልብ ይበል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ቃል ሳያሳጥር ይጻፍ።