ሞክሼዎች

«አስቴር!» ብላ ነርሷ ከበሩ ላይ ስትጣራ ሦስት እናቶች ልጆቻችንን እንደታቀፍን በአንድ ጊዜ ብድግ አልን። ቦታው አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የአባት ስም ሲጨመር አንደኛዋ ተቀመጠች፤ ሁለታችን ግን ተያይተን ቆመን ቀረን። ሕፃናቱ በአባት ስምም ሞክሼዎች ነበሩ።

እኔ የሄድኩት ልጄን የ9ኛ ወር የኩፍኝ ክትባት ለማስከተብ ነበር። ነርሷ መዝገቧን ተመልክታ «የእርሷ ተሰጥቷል» ብላ ልትመልሰኝ ስትል የልደት ቀኑን እንድታይልኝ ለመንኳት። የተመለከተችው የሌላዋን ሕፃን ስም ኖሯል! የአያት ስም በሁለቱም ላይ አልተጻፈም።

ያቺ እናት ስንወጣ «ምነው ሌላ ስም ባወጣሁላት!» አለችኝ። እናንተስ፣ ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ብላችሁ አታውቁም? እኔ ግን ጥፋቱ የስሙ አይመስለኝም። እስቲ ይህንኑ ስም የያዙትን ሴቶች እናስታውስ።

የመጀመሪያዋ በመጽሐፍ ቅዱስ የምትታወቀው ንግሥት አስቴር ናት። ሌላ ስሟ ሀደሳ ነበር። ሕይወቷን ለአደጋ አጋልጣ በፋርስ ንጉሥ ፊት ቀርባ ወገኖቿን ከዕልቂት አዳነች።

ወደ አገራችን ስንመለስ አስቴር ጋኖን እናገኛለን። በልጅነቷ በባርነት ተሸጣ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም ብዙ ደክማለች። በኋላ በነቀምቴ አስተማረች። ይሁንና ብዙ ሰው ያንን ትርጉም በኦነሲሞስ ስም ብቻ ያውቀዋል። ስሟ አብሮ ካልተነሣ የሴት ልጅ ድካም እንዲህ ይረሳል።

ድምፃዊት አስቴር አወቀ ደግሞ ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አልበም መጠሪያው «አስቴር» ብቻ ነው። የዘፈን ወዳጅ «የትኛዋ አስቴር?» ብሎ አይጠይቅም። አስቴር ማሞም በ2014 እ.ኤ.አ. በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሹማለች።

እንግዲህ አንዱን ስም ንግሥት፣ አስተማሪ፣ ድምፃዊትና ሚኒስትር ተጠርተውበታል። ሥራቸው ለያቸው እንጂ ስሙ አላደናገረም። ልጆቻችን ግን ገና ሥራ የላቸውም፤ እስኪያድጉ ድረስ የሚለያቸው እኛ የምናስጽፈው ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ በክትባት ካርድም ሆነ በትምህርት ቤት መዝገብ የልጃችሁን ስም ከነአባትና ከነአያት አስጽፉ። የልደት ቀኑንም አትርሱ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ከአራስ ቤት እንደወጣችሁ ፈጽሙት። ስም ሲጠራም ብድግ ከማለት በፊት «የማን ልጅ? የአያትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ከመቃብር በላይ እስኪውል ግን በመዝገብ ላይ በትክክል ይዋል!