ነዳጅ እያላት ፀሐይ የምትለቅም አገር

ልጄን ላርሳት አቡ ዳቢ የሄድኩት በሰኔ ወር ነው። አዲስ አበባን ስለቅ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ሹራብ ደርቤ፣ ጃንጥላ ይዤ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ የተነጠረ ቅቤና አብሽ ሞልቷል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ ግን የጋለ ምጣድ አክንባሎ ድንገት ሲነሳ ፊት የሚገርፈው ዓይነት ወላፈን ተቀበለኝ። ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር።

ቤት ስገባ በተቃራኒው ብርድ ነው። ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሴት ነኝና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የሕፃኑን እግር ዳሰስኩ። ቀዝቅዟል። "የአራስ ቤት እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ?" ብዬ ኤሲውን አጠፋሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጄ በላብ ተጠመቀች፤ ሕፃኑም ማልቀስ ጀመረ። አማቼ ከሥራ ሲገባ ሁኔታውን አይቶ፣ "እማማ፣ እዚህ አገር ኤሲ ማለት ጣሪያ ማለት ነው፤ ያለ እሱ አይኖርም" አለኝና መልሶ ከፈተው። ተከራክረን ተከራክረን 25 ዲግሪ ላይ ተስማማን። ለሕፃኑም ካልሲ ጨመርኩለት።

ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው ፎቅ ሁሉ እንደዚሁ ሌት ተቀን ይቀዘቅዛል። "ነዳጁን የሚያቃጥሉት ለዚህ ነዋ!" አልኩት። አማቼ ሳቀ። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ በጥገና ክፍል ይሠራል። "የለም እማማ፣ ነዳጁን ይሸጡታል። እኛ የምንውለው ፀሐይ ስንለቅም ነው" አለኝ።

ፀሐይ መልቀም የሚለው አነጋገር ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ነዳጅ የሞላት አገር ፀሐይ ለመልቀም ምን አስቸኮላት? በቆየሁባቸው ሁለት ወራት አማቼን ማታ ማታ በጥያቄ አላስተኛም አልኩት። የተረዳሁትን እንደ እኔ ላሉ እናቶችና አያቶች ላካፍል።

የጎተራው ሂሳብ

አቡ ዳቢ ላይ ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ወደ ውጭ መላክ የተጀመረው ደግሞ በ1962። ከዚያ በፊት ሰዉ ከባሕር ዕንቁ እያወጣ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ቴምር እየለቀመና ግመል እያረባ ነበር የሚኖረው። ዛሬ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች መብራት በብዛት የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። የገረመኝ፣ የራሷ ጋዝ ስላልበቃት ከ2007 ጀምሮ ከጎረቤቷ ከኳታር በባሕር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ትገዛለች። ሀብታም የምንለው ቤትም ለካ ከጎረቤት ይበደራል።

እንግዲህ ሂሳቡ ቀላል ነው። የሚሸጥ ነገር ያለው ገበሬ ጤፉን ለከብት አያበላም። ከሰማይ በነፃ የሚወርድ ብርሃን መብራቱን ከሸፈነ፣ ጋዝ መግዛቱ ይቀንሳል፣ ያለውም ይተርፋል። ችግሩ ድሮ የፀሐይ መብራት ውድ መሆኑ ነበር። አሁን ረክሷል። በሱዌይሃን የተሠራው ኑር አቡ ዳቢ የተባለው ጣቢያ በጨረታ ሲሰጥ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 2.42 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ባለ 1,000 ዋት ካውያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢበራ የሚበላው ኃይል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አል ዳፍራ የሚባለው ጣቢያ ውል ሲፈረም ዋጋው ወደ 1.32 ሳንቲም ወረደ። የዚህ ጣቢያ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታወጅ እስከዚያ ድረስ በዓለም ከተሰሙት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር።

ጅምሩ ትንሽ ነበር። ዱባይ በ2013 የከፈተችው የመጀመሪያው ክፍል 13 ሜጋ ዋት ብቻ ያመነጭ ነበር። በ2019 ኑር አቡ ዳቢ 3.2 ሚሊዮን ፓነሎች ይዞ በ1,177 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። በ2023 የተመረቀው አል ዳፍራ ደግሞ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ፓነሎች አሉት፤ 2,000 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ለ200,000 ያህል ቤቶች ይበቃል ተብሎለታል። ለማነጻጸር ያህል የእኛው ግልገል ጊቤ 3 አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ልዩነቱ ጊቤ ውኃ እስካለው ሌሊትም ይሠራል፤ ፀሐይዋ ግን ማታ ትገባለች።

አባቶቻችን "አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ" ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ተረቱን ባያውቁትም ሥራቸው እሱን ይመስላል። ጎተራቸው ሙሉ ሳለ ነው ሌላ ማሳ የጀመሩት።

ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን አይወድም

በዚያ ሐሩር ፓነሉ እሳት የሚበላ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ፓነል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ያደክመዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ቀትር ላይ ደግሞ የፓነሉ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አማቼ ይህን ሲነግረኝ ክትባት ትዝ አለኝ፤ እሱም ሕይወት ያድናል፣ ሙቀት ግን ይገድለዋል።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ፓነሉ አቧራ ሲለብስ ብርሃን አያገኝም። በበረሃ ደግሞ በውኃ ልጠብ ቢሉ ውኃው ራሱ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ውድ ነገር ነው። ስለዚህ በሱዌይሃን ያለ ውኃ የሚያጸዱ ሮቦቶች በፓነሎቹ ላይ እየተንሸራተቱ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋሉ። በስልኩ ቪዲዮ ሲያሳየኝ መደርደሪያ የምትወለውል ሴት መሰሉኝ።

ሦስተኛው ሌሊቱ ነው። ዱባይ ለዚህ አንድ ዘዴ አላት። ከ260 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ግንብ ጫፍ ላይ በመስታወቶች ብርሃን ሰብስባ ጨው ታቀልጣለች። የቀለጠው ጨው ሙቀቱን ይዞ ያመሻል፤ በእሱ እንፋሎት ተፈጥሮ ሌሊት መብራት ይመነጫል። እናቴ ማታ ፍሙን ረመጥ ውስጥ ቀብራ ጠዋት እፍ ብላ እንደምታቀጣጥለው ማለት ነው። አቡ ዳቢ ደግሞ በባትሪ መንገድ መጥታለች። በጥር 2025 ይፋ የሆነው ዕቅድ 5.2 ጊጋ ዋት ፓነልና 19 ጊጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አንድ ላይ አድርጎ፣ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ 1 ጊጋ ዋት ለመስጠት ነው። 1 ጊጋ ዋት 1,000 ሜጋ ዋት ነው። ያችን አንድ ለማግኘት አምስት እጥፍ ፓነል መትከል ያስፈልጋል ማለት ነው። ፀሐይ ነፃ ናት ሲባል ይህንም ማወቅ ደግ ነው።

ከፀሐይዋ በታች ያለው ሰው

እኔ ግን ነርስ ነኝና ከፓነሉ ይልቅ ሰውየው ያሳስበኛል። አማቼ በመጀመሪያው በጋ ሥራ ላይ ሳለ ራሱን ስቶ ወድቋል። ለልጄ እንኳ አልነገራትም ነበር፤ እኔ ስለ ሙቀት ስጠይቀው አመለጠው። ውኃ የጠጣው ሲጠማው ብቻ ነበር፤ ቁርስም አልበላም።

በኤምሬቶች ሕግ በየዓመቱ ከሰኔ 8 ገደማ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ድረስ ሰውን ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ደግ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ከ6፡30 በፊትም፣ ከ9፡00 በኋላም አለ። ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል በዚያ አገር ደጅ የሚሠራላችሁ ስልክ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው፦

ውኃ ሳይጠማ ጀምሮ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ብዙ ላብ ከወጣ ምግብ መብላት ወይም ጨውና ስኳር ያለበት የኦ.አር.ኤስ. ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ሽንቱ ጠቆር ካለ ሰውነቱ ውኃ አጥሮታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ኩላሊትን ይጎዳል። አዲስ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ሳምንት ሥራውን ቀስ እያለ ይልመድ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ጥላ ሥር ገብቶ ማረፍ ነው። መዘባረቅ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ለሕይወት ያሰጋል። አምቡላንስ ይጠራ፤ እስኪመጣ ልብሱን አውልቆ በውኃ ማራስ፣ ማራገብ፣ በብብቱና በአንገቱ በረዶ ማድረግ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም።

ነዳጁስ ቀረ?

አልቀረም። ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ያችው አገር ካርቦን የማመንጨቷን ነገር እ.ኤ.አ. እስከ 2050 ወደ ዜሮ አወርዳለሁ ብላ በ2021 አውጃለች፤ በዚያው ልክ በ2027 በቀን 5 ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ ማምረት የሚያስችል አቅም ለመገንባት አቅዳለች። በቤቷ የማታቃጥለውን ሌላው ገዝቶ ያቃጥለዋል። ጭሱ ድንበር አያውቅም፤ የእኛንም ዝናብ ሳይነካ አይቀርም። ስለዚህ ሥራዋን ሳደንቅ ጽድቅ ነው ብዬ ሳይሆን፣ የቤቱን ነገ አስቦ የሚሠራ አባወራ ሂሳብ ነው ብዬ ነው።

እኔ ፓነልን ያደነቅሁት ግን አቡ ዳቢ ሳልሄድ በፊት ነው። በ1970ዎቹ ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ የክትባቱ ማቀዝቀዣ በላምባ ነበር የሚሠራው። ክሩን መቁረጥ፣ ላምባውን መሙላት፣ እሳቱን ሌሊት ተነስቶ ማየት የእኔ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ላምባ ጠፍቶ እሳቱ ጠፋ። ክትባት መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነውና ሁሉንም ጣልነው። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ልጅ አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶችን "ዛሬ የለም" ብዬ መለስኩ። ከመካከላቸው አንዷ ከሁለት ወር በኋላ ልጇን በኩፍኝ ታቅፋ ተመለሰች። ልጁ አልተረፈም። በኋላ በአንዳንድ ጤና ኬላዎች ጣሪያ ላይ ጠረጴዛ የሚያህሉ ፓነሎች ተሰቅለው ማቀዝቀዣው በፀሐይ ሲሠራ ሳይ፣ ያቺ እናት ናት ፊቴ የመጣችው።

የእኛ ትልቁ መብራት ውኃ ነው። ፀሐይም አላነሰንም። የአቡ ዳቢው ማስዳር ኩባንያ በጥር 2021 ከመንግሥታችን ጋር 500 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ለማልማት ስምምነት ተፈራርሞ ነበር። ስምምነት ግን ገና መብራት አይደለም። ሲመጣ ደግሞ የሚተክለውና የሚጠግነው እጅ ይፈልጋል።

ወደዚህ የወሰደኝ የሌላዋ ልጄ ልጅ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላልሆነለት "ዓረብ አገር እሄዳለሁ" ብሎ ተነሳ። አንድ ደላላም "ሥራ አይጠፋም" ብሎታል። እናቱ ለዚሁ የሚሆን ብር በዕቁብ ሰብስባ ነበር። ስመለስ ቡና አስፈልቼ ተቀመጥንበት። "አጎትህ እዚያ ሰው የሆነው ከመሄዱ በፊት ሦስት ዓመት ኤሌክትሪክ ስለተማረ ነው። ያለ ሙያ የሄደ ግን ፀሐይዋ ሥር ይቀራል። መሄድህን አልከለክልም፤ ሙያህን ይዘህ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ውልህን አንብበህ ሂድ" አልኩት። ብሩም ለሥልጠና ይሁን ተባለ።

ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ኮሌጁ ከተከፈተ ወር ሆኖታል። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቤቱን ቆጣሪ ሳጥን ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት። "እምዬ፣ ይሄን ብሬከር ማን ነው የገጠመው? ለዚህ ሽቦ እኮ በጣም ትልቅ ነው" አለኝ።

አያቱ መሆናቸውን አልነገርኩትም። ነፍሳቸውን ይማር፤ እሳቸው ያልተማሩትን ነበር በድፍረት የሠሩት።