የመረጃ ኮሚሽነር አድ ሆክ (ካናዳ)

የመረጃ ኮሚሽነር አድ ሆክ በካናዳ የመረጃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ላይ የሚቀርቡ የሰነድ አቤቱታዎችን የሚመረምር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሚመረጥ ሰው ነው። «አድ ሆክ» የላቲን ሐረግ ሲሆን «ለዚህ ጉዳይ» ማለት ነው።

የካናዳ የመረጃ ማግኘት ሕግ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን ሰነድ ቢከለክል ወይም ቢያዘገይ ጠያቂው ለመረጃ ኮሚሽነሩ አቤት ይላል። (በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መሰል ሥራ የተሰጠው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።) ይሁን እንጂ ወደ 24 ዓመት ገደማ የኮሚሽነሩን የራሱን መዝገቦች በዚህ ሕግ መጠየቅ አይቻልም ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ተጠያቂነት ሕግ ይህን ለወጠ፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ እንደ ሌሎቹ ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ መስጠት ግድ ሆነበት።

አሠራር

ከልካዩ ኮሚሽነሩ ሲሆን ማን ይመርምር? ማሻሻያው ለዚህ የተለየ አካል አላቋቋመም። ስለዚህ ኮሚሽነሩ የመመርመር ሥልጣኑን በውክልና ለውጭ ሰው ይሰጣል። የአሠራሩ ደካማ ጎንም እዚሁ ላይ ነው፦ ዳኛውን የሚመርጠው ተከሳሹ ነው። በምርመራው ውጤት ያልረካ አቤት ባይ ግን ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊወስድ ይችላል።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በምርመራ ፋይሎች ላይ ነው። በሕጉ አንቀጽ 16.1 መሠረት ኮሚሽነሩ በምርመራ ወቅት ከሌሎች ያገኘውን ሰነድ፣ ምርመራው ካለቀ በኋላም ቢሆን፣ መስጠት አይፈቀድለትም። እርሱ ራሱ ወይም ሠራተኞቹ ያዘጋጁት ማስታወሻ ወይም ደብዳቤ ግን ምርመራውና ተያያዥ ክርክሮች ሲያበቁ ይህ ከለላ ይነሳለታል። በዚህ የተነሳ አድ ሆክ ኮሚሽነሩ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው፣ ፋይሉም በእርግጥ ተዘግቶ እንደሆነ ማጣራት ይኖርበታል።

በሌሎች አገሮች

በብሪታንያ የ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ ኮሚሽነሩ በራሱ መሥሪያ ቤት ላይ የቀረበን አቤቱታ ራሱ አይቶ ውሳኔ ይሰጣል፤ ነገሩ ግራ ቢመስልም ይግባኙ የሚታየው በገለልተኛ ችሎት ሲሆን ችሎቱ ፍሬ ነገሩንም እንደገና ሊመረምር ይችላል። የራሷ ሕግ ያላት ስኮትላንድ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አንቀጽ 48 መንገዱን ዘግታዋለች፦ ኮሚሽነሩ ለቀረበለት የሰነድ ጥያቄ የሰጠውን ምላሽ በመቃወም ለኮሚሽነሩ አቤት ማለት አይቻልም፤ ቅር የተሰኘ ሰው የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው።