ስሙን የደበቀ ጋዝ በክብደቱ ይታወቃል

በብርድ ሌሊት በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፥ የከሰሉን ምድጃ ከአልጋው አጠገብ አድርጎ የሚተኛ ሰው፥ አብሮት የሚያድር ጠላት እንዳለ አያውቅም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው፥ ሰውየው አየር እየሳበ ሳለ ይታፈናል። እንግዲህ ዓይንና አፍንጫ ያልለዩትን ሊቃውንት በምን ይለዩታል? በዚህ ወር ይህን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደናል።

መሣሪያው ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። መሠረቱን በካምብሪጅ የጣለው ጄ. ጄ. ቶምሰን ሲሆን፥ ረዳቱ የነበረው ፍራንሲስ አስተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. አሻሽሎ ሠራው፤ በ1922 ዓ.ም.ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ጥቂት ጋዝ፥ አየሩ ተስቦ ወደ ወጣለት ክፍል ይገባል። ኤሌክትሮኖች ሞለኪውሎቹን ሲመቷቸው ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፥ አንዳንዶቹም ይሰባበራሉ። ከዚያም በማግኔት ኃይል ቀላሉ አብዝቶ፥ ከባዱ ጥቂት ይታጠፋል፤ እንደየክብደታቸውም በመስመር ይመዘገባሉ።

ንባቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደት 28 ነው፤ ነገር ግን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ የሆነው ናይትሮጅንም ክብደቱ 28 ነው። ስለዚህ ይህን መስመር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው መርዙን ንጹሕ አየር ነው ሊለው ይችላል። አስተዋይ መርማሪ ግን ስብርባሪውን ይመለከታል። ናይትሮጅን ሲሰበር በ14 ላይ መስመር ይተዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በ12 ካርቦንን፥ በ16 ኦክሲጅንን ያሳያል። 16ን በአየር ያለው ኦክሲጅንም ስለሚሰጥ፥ ይበልጥ የሚታመነው ምስክር 12 ነው። በ44 ላይ መስመር ቢገኝ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ ማለት ነው፤ እርሱም ሲሰበር 28ንና 12ን ስለሚሰጥ፥ ድርሻው ተሰልቶ ካልተቀነሰ ፍርዱ ይሳሳታል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በየቤታችን አይገኝም፤ ጥንቃቄ ግን በእጃችን ነው። ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ የቀላ ከሰል ጉዳት የለውም ብሎ መታመን ታላቅ ስሕተት ነው፤ መርዙ ከጢሱ ጋር አይጠፋምና። ምድጃውን ከመኝታ በፊት ከቤት ማውጣት ይገባል። በከሰል አጠገብ የተቀመጠ ሰው ራሱን ቢያመው፥ ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው፥ ሳይዘገይ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ የሁላችንም ግዴታ ነው።